የቲን ዛፍና የኛ በጋ



ሱረቱ ቲንን አብዛኞቻችን በልጅነታችን ሐፍዘናታል። በቁርኣን ቅደም ተከተል 95ኛ፣ 8 አንቀጾች ብቻ ያሏት ሱራ ናት። አላህ (ሱ.ወ.) በበለስና በወይራ በመማል ይጀምራታል። በለስ በስሙ በቁርኣን ውስጥ የተጠቀሰው በዚህች ሱራ ብቻ ነው። ከሙፈሲሮች መካከል ቃሉ እኛ የምንበላውን ፍሬ ራሱን ያመለክታል ያሉ አሉ። ፍሬው የሚበቅልበትን ምድር፣ ሻምንና በይተል መቅዲስን፣ ያመለክታል ያሉም አሉ። በሁለቱም መንገድ ዛፉ ክብር ያለው ዛፍ ነው።

የዛሬው ደርሳችን ስለ ዛፉ አያያዝ ነው። ዝናቡ ወጥቷል፤ ከፊታችን ያሉት አራትና አምስት ወራት ደረቅ ናቸው። በክረምት ችግኝ መትከል ቀላል ነው፤ ዝናቡ ያግዛል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ ፎቶ ይነሳል። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ከተጀመረ ወዲህ በየዓመቱ ክረምት አካፋ ያልያዘ ተማሪ ጥቂት ነው። የተተከለው ጸደቀ ወይስ ደረቀ የሚለው ግን የሚታወቀው በጋውን ሲሻገር ነው። ስለዚህ የበለስን ዛፍ ምሳሌ አድርገን፣ በድሬዳዋና በሐርላ አካባቢ አንድ ዛፍ በጋውን እንዴት እንደሚያልፍ እንማማር። በመጀመሪያ ግን ሁለት ቃላትን ማጥራት አለብን፤ ስሙንና ወቅቱን።

፩. የትኛው ቲን?

በአማርኛ «በለስ» ስንል ሁለት የማይዛመዱ ተክሎችን እንጠራለን። አንደኛው ሰፊ እጅ የሚመስል ቅጠልና ሲቆረጥ ወተት የሚያወጣ ግንድ ያለው፣ ለስላሳና ጣፋጭ ፍሬ የሚሰጠው ዛፍ ነው። ሁለተኛው በእሾህ የተሸፈነው ቁልቋል ነው። በኛ በምሥራቁ በኩል ይህንኑ እሾሃማ ፍሬ «ቲን» ብለው የሚጠሩ ስላሉ፣ በሱራዋ የተጠቀሰው እርሱ የሚመስላቸው ልጆች ያጋጥሙናል። እሾሃማው በለስ ግን የትውልድ አገሩ ሜክሲኮና አካባቢው ነው። ወደኛ የአሮጌው ዓለም አገሮች የተሻገረው አውሮፓውያን አሜሪካን ካወቁ በኋላ፣ ማለትም ቁርኣን ከወረደ ብዙ መቶ ዓመታት ቆይቶ ነው። ቁርኣን የሚጠራው ቲን የመጀመሪያው፣ የሻም አገሩ የበለስ ዛፍ ነው።

የዚህ ዛፍ ቤተሰብ ግን ለኛ እንግዳ አይደለም። ሾላና ወርካ የዚሁ ወገን ናቸው። ኦሮምኛ ተናጋሪ ወገኖቻችን «ኦዳ» እያሉ የሚያከብሩት ዛፍ ከሾላ ዓይነቶች አንዱ ነው። ሁሉም ሲቆረጡ ወተት ያወጣሉ፣ ፍሬያቸውም አሠራሩ አንድ ነው።

፪. የማን ክረምት?

ሁለተኛው ቃል ወቅቱ ነው። ስለ በለስ እንክብካቤ በእንግሊዝኛም በዓረብኛም የተጻፈ ምክር ብዙ ነው። አብዛኛው ቅዝቃዜውን ወቅት ይመለከታል፤ ዛፉን በገለባ ሸፍኑ፣ በጨርቅ ጠቅልሉ፣ ውሃ ቀንሱ ይላል። መዝገበ ቃላት ገልጠን ያንን ወቅት «ክረምት» ብለን ከተረጎምነው ምክሩ ይገለበጣል። የኛ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው የዝናብ ወቅት ነው። እነርሱ የሚሉት ወቅት ደግሞ ታኅሣሥ፣ ጥርና የካቲት ላይ ይውላል። ያ ለኛ በጋ ነው።

ይህ ነገር ቁርኣን ስንማርም ይገጥመናል። በሱረቱ ቁረይሽ ስለ «ሺታእ» እና ስለ «ሰይፍ» ጉዞ ተነግሯል። ሙፈሲሮች እንዳስረዱት የቁረይሽ ነጋዴዎች በብርዱ ወራት ሞቃት ወደሆነችው የመን፣ በሐሩሩ ወራት ደግሞ ወደ ሻም ይሄዱ ነበር። «ሺታእ» በአማርኛ «ክረምት» ተብሎ ሲተረጎም፣ እኛ ጭቃና ጎርፍ የሞላበት ጉዞ ይታየናል። ለመካ ሰው ግን ቃሉ የሚያመለክተው ብርዱን ነው። ቃሉን ከምድሩ ጋር ካልወሰድነው ትርጉሙ ይርቀናል።

ኢብኑል ቀይም (በ751 ሂጅራ ያረፉት) «ዛዱል መዓድ» በተባለው መጽሐፋቸው ስለ በለስ ሲጽፉ ይህንኑ የሚመስል ነጥብ አንስተዋል። በለስ በሒጃዝና በመዲና ምድር ስላልነበረ በሱና ውስጥ አልተወሳም፤ የበለስ ምድርና የተምር ምድር የተለያየ ነውና፣ ይላሉ። ስለ በለስ የጀነት ፍሬነት የሚነገረውን ዘገባም ጠቅሰው፣ መረጋገጡ አጠራጣሪ መሆኑን አመልክተዋል። ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ ዛፍ ምድሩን ይከተላል። ሁለተኛ፣ ዛፍ ስለወደድን ብቻ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ ያልተረጋገጠ ነገር አንናገርም።

፫. እዚህ ዛፉን የሚገድለው ምንድን ነው?

ቅጠሉን አራግፎ ያንቀላፋ ትልቅ የበለስ ዛፍ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ገደማ የሚደርስ ቅዝቃዜ ሊቋቋም ይችላል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ስለሆነች፣ በጥር ሌሊት እንኳ ለበለስ የሚያሰጋ ብርድ የለባትም። ከከተማው በስተ ደቡብ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ከፍ ብላ የምትገኘው ሐርላ ነፋሻማ ናት። ከዚያ ወጥተን ሐረማያ ስንደርስ ግን ከፍታው ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ አንዳንድ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። የአንድ ሰዓት መንገድ ባልሞላ ርቀት ውስጥ ሁለት ዓይነት በጋ አለን ማለት ነው።

ከውርጭ ይልቅ እዚህ ዛፉን የሚያሰጉት አራት ናቸው፤ ጥም፣ ፍየል፣ ምስጥና መጥረቢያ። ቅጠል የሌለው ዛፍ የሞተ ይመስላል። ስለዚህ ውሃ ይቋረጥበታል፣ ፍየል ቅርፊቱን ይልጠዋል፣ በመጨረሻም ለማገዶ ይቆረጣል። ሞተ ከማለታችን በፊት በጥፍራችን የቅርንጫፉን ቅርፊት ጫር እናድርግ። ከሥሩ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ዛፉ በሕይወት አለ።

፬. ከጥቅምት እስከ መጋቢት

በጥቅምት፣ አፈሩ እርጥበቱን ሳይለቅ በግንዱ ዙሪያ ውሃ የሚይዝ ክብ ጎድጓዳ እናብጅ። በላዩ የማሽላ አገዳ፣ ደረቅ ሣር ወይም ቅጠል አንድ ስንዝር ያህል እንጎዝጉዝ። ጉዝጓዙ ፀሐይ አፈሩን እንዳታደርቀው ይከላከላል። ከግንዱ ግን አንድ ስንዝር ይራቅ፤ ግንዱን ከነካ ምስጥ ይጠራል። በነጻው ቦታ አመድ የሚነሰንሱ አሉ። በዚህ ወር ጥሬ ፍግም ዩሪያም አንጨምር፤ ማዳበሪያው ለጋ ቀንበጥ ያስወጣል፣ ለጋ ቀንበጥ ደግሞ ለድርቅም ለውርጭም ደካማ ነው።

ከኅዳር እስከ ጥር ዋናው ነገር ውሃ ነው። በየቀኑ ትንሽ ከመርጨት በሳምንት አንድ ጊዜ በደንብ ማጠጣት ይሻላል። ትንሽ ትንሽ የሚጠጣ ዛፍ ሥሩን ወደ ላይ ያወጣል፤ ጠልቆ የሚጠጣ ሥሩን ወደ ታች ይሰዳል። ለአንድና ለሁለት ዓመት ችግኝ በሳምንት አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ጥሩ መነሻ ነው። ዛፉ ቅጠሉን ካራገፈ መጠኑን እንቀንስ እንጂ አናቋርጥ። ጣታችንን አፈሩ ውስጥ አስገብተን እርጥበት ከተሰማን ጥቂት ቀን እንጠብቅ። ቅጠል የሌለውን ግንድ ፀሐይ እንዳይሰነጥቀው ኖራ በውሃ በጥብጦ መቀባት ይረዳል። ከፍየል የሚጠብቀው ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ የእሾህ አጥር ነው።

ወደ ሐረማያ በኩል ያላችሁ፣ ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ ባልኖረበት ቀዝቃዛ ምሽት ችግኙን በጆንያ ሸፍኑት። ሽፋኑ በቅጠሉ ላይ እንዳያርፍ አራት እንጨት ተክላችሁ በላያቸው አልብሱት፤ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ግለጡት። ቀን ላይ አፈሩን ማጠጣትም ይጠቅማል፤ እርጥብ አፈር ከደረቅ ይልቅ ሙቀት ይይዛል። ውርጭ የመታውን ቅርንጫፍ ወዲያው አትቁረጡ። የበልግ እንቡጥ ሲወጣ የሞተው ከዳነው ይለያል።

በጥር መጨረሻና በየካቲት፣ ዛፉ ሳይነቃ፣ የመግረዣ ጊዜ ነው። የደረቀውን፣ እርስ በርሱ የሚፋተገውንና ከሥር የፈላውን እናውጣ። የተቆረጠውን ጤነኛ እንጨት አንጣለው። የእርሳስ ውፍረት ያለውን አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ቆርጠን፣ ሁለት ሦስተኛውን እርጥብ አፈር ውስጥ ብንቀብረው ሥር ያወጣል። ከአንድ ዛፍ ብዙ ዛፍ ይገኛል፤ ወጪውም ትዕግሥት ብቻ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ወተቱ ቆዳ ነክቶ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል፤ ጓንት እናድርግ፣ ዓይናችንን እንጠብቅ።

በመጋቢት በልግ ሲጀምር የበሰበሰ ኮምፖስት እንጨምር። በጋው አለፈ ማለት ነው፤ አልሐምዱሊላህ።

፭. ውሃው ከየት ይምጣ?

በድሬዳዋ በጋ ውሃ ውድ ነው፤ ለዛፍ ውሃ ከየት አምጥተን የሚል ጥያቄ ተገቢ ነው። በየቀኑ አምስት ጊዜ ከምናፈሰው እንጀምር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ሙድ ከአንድ ሊትር ያንሳል። እኛ ቧንቧ ከፍተን ከዚያ ብዙ እጥፍ እናፈሳለን። አንድ ሰው 2 ሊትር ቢጠቀም የአሥር ሰው ውዱእ አንድ ጀሪካን ይሞላል፤ ያ የአንድ ችግኝ የሳምንት ድርሻ ነው። ሳሙና ያልገባበት የውዱእ ውሃ ንጹሕ ነው፤ ዛፍም አይጎዳም። ከመስጊድ ቧንቧ ሥር አንድ ባልዲ ማስቀመጥ፣ ወይም ከፍሳሹ ወደ ዛፉ ትንሽ ቦይ መቅደድ በቂ ነው። ኢስራፍን መተውና ዛፍ ማጠጣት በአንድ ሥራ ይገኛሉ።

፮. የአገራችን ቲኖች

በለስ የሌለው ሾላና ወርካ አለው። የዚህ ቤተሰብ ፍሬ ስንከፍተው ውስጡ በጥቃቅን አበቦች የተሞላ ነው፤ አበባው በፍሬው ሆድ ውስጥ ተደብቆ ያብባል። ሴቷ ጥቃቅን ተርብ በጠባቧ ቀዳዳ ስትገባ ክንፏ ይረግፋል። ከሌላ ዛፍ ይዛ የመጣችውን ብናኝ ለአበቦቹ ታደርሳለች፣ እንቁላሏን ትጥላለች፣ እዚያው ትሞታለች። ሴት ልጆቿ ብናኙን ይዘው ወደ ሌላ ዛፍ ይበራሉ። የሾላም የወርካም ተርብ የየራሳቸው ነው። ግብፅ ውስጥ የሾላ ተርብ ስለሌለ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ዛፉን በቁራጭ ይተክሉታል፣ ፍሬው እንዲበስልም በቢላ ይበጡታል። ተርቡ ያለው እኛ ጋ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ነው።

«ታዲያ ፍሬውን መብላት ይቻላል?» የሚል ጥያቄ ከእህቶችም ከወንድሞችም ይነሳል። በገበያ የሚሸጠው የበለስ ዓይነት በብዛት ያለ ተርብ የሚበስል ነው። በሻፊዒ መዝሀብም በፍሬ ውስጥ የተፈጠረ ትል ከፍሬው ጋር ቢበላ ችግር እንደሌለው ዑለማዎች ገልጸዋል። ዝርዝሩን ኡስታዞቻችንን እንጠይቅ።

የተርቧ ዕድሜ አጭር ስለሆነ በአካባቢው ሁልጊዜ ፍሬ ያለው ዛፍ መኖር አለበት። በዚህ የተነሳ እነዚህ ዛፎች ሌላው ሁሉ በደረቀበት በጋ ወፎችን፣ ዝንጀሮዎችንና የሌሊት ወፎችን ይመግባሉ። ለማገዶ አንድ አሮጌ ወርካ ሲቆረጥ የሚቆረጠው ይህ ሁሉ ገበታ ነው። በአቡ ዳውድ ስብስብ ውስጥ የሲድር ዛፍን ስለሚቆርጥ ሰው ከባድ ማስጠንቀቂያ ያለበት ሐዲስ አለ። አቡ ዳውድ ሲያብራሩት፣ መንገደኛና እንስሳ የሚጠለልበትን የበረሃ ዛፍ ያለ አግባብ በከንቱ የሚቆርጥን ይመለከታል ብለዋል።

ለድሬዳዋ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ወስዷል። ውሃው የመጣው ከላይ፣ ከተራቆተው ተዳፋት ነው። በተዳፋት ላይ በሕይወት የቆየ ዛፍ አፈር ይይዛል፣ የጎርፉን ፍጥነት ይቀንሳል። በጋ ላይ ያዳንነው ዛፍ ክረምት ላይ ይመልስልናል።

፯. ማጠቃለያ

ሐርላ ለዚህ ትምህርት ጥሩ ምስክር ናት። ከ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ በፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል የተመራው ቁፋሮ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ የከበሩ ድንጋዮችና ጌጦች የሚሠሩበት ቦታ፣ ከሩቅ አገር የመጡ ሳንቲሞችና የብርጭቆ ዕቃዎች አግኝቷል። የሐርላ ሰዎች ዕቃውን ከባሕር ማዶ ቢያስመጡም ጌጡን የሚሠሩት በገዛ እጃቸው፣ እዚሁ ነበር። የኛም የዕውቀት አያያዝ እንዲሁ ይሁን። ከየትም እንቀበል፤ ከምድራችንና ከወቅታችን ጋር አስተያይተን እንሥራበት።

ሙስሊም የተከለውን ዛፍ ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላለት ሰደቃ እንደሚጻፍለት አነስ (ረ.ዐ.) የዘገቡትን ሐዲስ ቡኻሪና ሙስሊም አስፍረውታል። ዛፉ ፍሬ እስኪሰጥ የሚደርሰው ግን ከበጋው ከተረፈ ነው።

ለሐለቃ መወያያ፦
1. በዶርማችን ወይም በመስጊዳችን አካባቢ ክረምት ላይ ከተተከሉት ስንቱ በሕይወት አለ? ቆጥረን እንምጣ።
2. የውዱእ ውሃችን ወዴት ይፈሳል? ወደ ዛፍ ለማድረስ ምን ያስፈልጋል?
3. በቤተሰቦቻችን አካባቢ ያለ የቆየ ሾላ፣ ወርካ ወይም ኦዳ ማን ይጠብቀዋል?

አላህ የተከልነውን የሚያጸድቅልን፣ ሥራችንንም የሚቀበለን ያድርገን። ወላሁ አዕለም።