ከግብር ነጻ የሆነን ቁጠባ ከባንክ ወደ ባንክ ስለ ማዛወር

በእንግሊዝ አገር ከሚኖሩ ልጆቻቸውና ዘመዶቻቸው ጋር ስለ ገንዘብ አያያዝ የሚጻጻፉ፣ ወይም ራሳቸው በዚያ አገር ሠርተው የቁጠባ ሒሳባቸውን ትተው የተመለሱ ነጋዴዎች በመካከላችን አሉ። ስለዚህ በዛሬው ትምህርት በዚያ አገር ከግብር ነጻ የሆነ ቁጠባ ከአንዱ ባንክ ወደ ሌላው የሚዛወርበትን ሥርዓት እንመለከታለን። ጉዳዩ ቀላል መስሎ ቢታይም፣ ሥርዓቱን ያልጠበቀ ሰው በብዙ ዓመት ያከማቸውን መብት በአንድ ቀን ሊያጣ ይችላል።

ስለ ሒሳቡ ምንነት

ይህ ሒሳብ በእንግሊዝኛ ስሙ «ኢንዲቪጅዋል ሴቪንግስ አካውንት»፣ ባጭሩ «አይሳ» ይባላል። የተጀመረው መጋቢት 28 ቀን 1991 ዓ.ም.፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አፕሪል 6 ቀን 1999 ነው። በዚህ ሒሳብ ውስጥ ያለ ገንዘብ የሚያስገኘው ወለድ፣ አክሲዮን ተገዝቶበት እንደ ሆነም ትርፉ፣ የእንግሊዝ ግብር አይከፈልበትም። ሆኖም አንድ ሰው በአንድ የግብር ዓመት ከ20,000 ፓውንድ በላይ ሊያስገባ አይችልም። የግብሩ ዓመት መጋቢት 28 ቀን ተጀምሮ በሚመጣው መጋቢት 27 ቀን ይፈጸማል፤ በዓመቱ ያልተሠራበት ፈቃድም ወደሚቀጥለው ዓመት አይተላለፍም።

ስለ ማዛወር ሥርዓት

አስመጪ ነጋዴ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በጉምሩክ ማኅተም ሥር ከመጋዘን ወደ መጋዘን የሚጓዝ ዕቃ በመንገዱ ቀረጥ አይጠየቅበትም። ባለቤቱ ማኅተሙን ፈትቶ ዕቃውን ቢያወጣው ግን ነገሩ ሌላ ይሆናል። የአይሳ ገንዘብም እንዲሁ ነው። በሁለቱ ባንኮች መካከል በቀጥታ ሲተላለፍ ነጻነቱን እንደ ያዘ ይቆያል፤ ባለቤቱ በእጁ ካወጣው ግን ነጻነቱ ይቀራል።

ስለዚህ ባለገንዘቡ አስቀድሞ ወደ አዲሱ ባንክ ሔዶ የማዛወሪያውን ቅጽ ይሞላል። ገንዘቡን ከቀድሞው ባንክ ጠይቆ የሚቀበለው አዲሱ ባንክ ነው። ጥሬ ገንዘብ ከሆነ ሥራው በ15 የሥራ ቀን፣ ሌላ ዓይነት ከሆነ በ30 ቀን ውስጥ መፈጸም ይገባዋል። የቀድሞው ባንክ ማዛወሩን ሊከለክል አይችልም፤ አዲሱ ግን የመቀበል ግዴታ የለበትም። ስለዚህ መቀበሉን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ስለ ጉዳቱ መጠን

ለምሳሌ አንድ ሰው 48,000 ፓውንድ አጠራቅሟል፤ ከዚህም ውስጥ 8,000 ፓውንዱን ያስገባው በዚሁ ዓመት ነው እንበል። ገንዘቡን ሁሉ በእጁ አውጥቶ ወደ ሌላ ባንክ ቢወስደው፣ ከዓመቱ ፈቃድ የቀረው 12,000 ፓውንድ ብቻ ስለ ሆነ፣ 36,000 ፓውንዱ ከአይሳ ውጭ ይቀራል። በመቶ 4 ቢወለድ በዓመት 1,440 ፓውንድ ያስገኛል። ባለገንዘቡ በመቶ 40 ግብር ከፋይ ከሆነ፣ ከግብር ነጻ የሚተውለት ወለድ 500 ፓውንድ ብቻ ስለ ሆነ፣ በ940 ፓውንዱ ላይ 376 ፓውንድ ይከፍላል። ከዚህም የሚከፋው፣ ያን ገንዘብ መልሶ ለማስገባት የሁለት ዓመት ፈቃድ ስለሚያስፈልገው፣ በዚያ ጊዜ ለሚያገኘው አዲስ ቁጠባ የሚተርፈው ቦታ እጅግ ጠባብ መሆኑ ነው።

እርግጥ ነው፣ አንዳንድ ሒሳቦች የወጣውን ገንዘብ በዚያው የግብር ዓመት ወደዚያው ሒሳብ መመለስን ይፈቅዳሉ። ይህ ፈቃድ በሁሉም ዘንድ ስለማይገኝ በውሉ ውስጥ መጻፉን ማረጋገጥ ያሻል።

ስለ መቀጮ

ወለዱ ለተወሰነ ዘመን የተቈረጠ ሒሳብ ከጊዜው በፊት ቢዛወር ባንኩ የተወሰኑ ቀናት ወለድ ያስቀራል። ከላይ የተጠቀሰው 48,000 ፓውንድ በመቶ 3 የሚወለድ ቢሆንና መቀጮው የ90 ቀን ወለድ ቢሆን፣ የሚቀረው 355 ፓውንድ ያህል ነው። አዲሱ ባንክ በመቶ 4 ቢሰጥ፣ ብልጫው በዓመት 480 ፓውንድ ይሆናል። እንግዲህ ውሉ ሊያልቅ ከቀረው ጊዜ ዘጠኝ ወር ካልሞላ መታገሡ፣ ካለፈ ማዛወሩ ይሻላል።

ሌሎች ሊታወቁ የሚገባቸው ነገሮች

አንደኛ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከአፕሪል 6 ቀን 2024 ወዲህ በዚያው ዓመት የገባውን ገንዘብ ከፍሎ ማዛወር ተፈቅዷል፤ ቀድሞ ሁሉንም ማዛወር ግዴታ ነበር።

ሁለተኛ፣ ባንክ ቢወድቅ በዋስትና የሚመለሰው ገንዘብ ከዲሴምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ለአንድ ሰው በአንድ ባንክ እስከ 120,000 ፓውንድ ነው። ስለዚህ በአዲሱ ባንክ ቀድሞ ያለውን ገንዘብ ደምሮ ማየት ይገባል።

ሦስተኛ፣ ለቤት መግዣና ለጡረታ የሚቈጠበው «ላይፍታይም አይሳ» የተባለው፣ ባለቤቱ 60 ዓመት ሳይሞላው ወደ ሌላ ዓይነት አይሳ ቢዛወር በመቶ 25 ይቀነስበታል።

አራተኛ፣ እንግሊዝ አገርን ለቆ ወደ አገሩ የተመለሰ ሰው፣ ከለቀቀበት የግብር ዓመት በኋላ አዲስ ገንዘብ ማስገባት አይችልም። ሆኖም የነበረውን ሒሳብ እንደ ያዘ መቆየትና ወደ ሌላ ባንክ ማዛወር ይፈቀድለታል። መልቀቁን ግን ለባንኩ ወዲያውኑ ማስታወቅ አለበት።

እንግዲህ ይህ ጉዳይ የሚመለከታችሁ ክቡራን አንባብያን፣ ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ገንዘቡ ከመነካቱ በፊት ሦስት ነገር እንድትጠይቁ እናሳስባለን፤ ይኸውም አዲሱ ባንክ ይቀበላልን? የቀድሞው ባንክ መቀጮ ስንት ነው? ቅጹስ ተሞልቷልን? የሦስቱ መልስ በጽሑፍ ሳይገኝ አንድም ፓውንድ አይውጣ።