ልጄ ቤቴን አፍርሳ ፎቅ ልትሠራልኝ ነው

የምኖረው ውጫሌ ነው። ባለቤቴ ከሞተ ስድስት ዓመት አልፎታል። ያለሁበት ቤት እሱና እኔ በወጣትነታችን የሠራነው ባለ ሦስት ክፍል የጭቃ ቤት ነው፤ ቆርቆሮውን ብቻ ቀይረነዋል። ሦስት ልጆች አሉኝ። ትልቋ ጅዳ ሰው ቤት መሥራት ከጀመረች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ታናናሽ ወንድሞቿን ያስተማረችውም እኔን የምትጦረኝም እሷ ናት። አሁን «ቤቱን አፍርሰን ጂ ፕላስ ሦስት እንሥራ» ብላ ተነሥታለች። ፎቶውን በኢሞ ልካልኛለች፤ እኔ ሆቴል መስሎኝ ነበር።

ከጎናችን የነበረው ቤት ፈርሶ ፎቅ ከወጣበት ወዲህ በርበሬዬ እስኪረፍድ ፀሐይ አያገኝም፤ ሲዘንብ የጣሪያው ውሃ የሚወርደው እኔ ግቢ ነው። ሰው ያለው ምድር ቤቱ ላይ ብቻ ነው፤ ላዩ መስኮት እንኳ አልገባለትም። እኔስ ለሦስት ፎቅ ማን አለኝ? ጉልበቴንም ያመኛል። እምቢ ስላት «የሰው እናት ፎቅ ላይ ተቀምጣ፣ ያንቺ ልጅ ምን ሠራች ይበሉኝ?» ብላ አልቅሳ ስልኩን ዘጋችብኝ። ትንሹ ወንድሟም ከሷ ጋር ነው፤ «አሠሪው እኔ ነኝ» ይላል። ልጄን ሳላስቀይም ቤቴን እንዴት ላትርፍ?

የቸገራት እናት፣ ከውጫሌ

እህቴ፣

«እምቢ» የሚለውን ለጊዜው ያቆዩት። ልጅዎ ዘጠኝ ዓመት የኖረችው የሰው ደረጃ ስትወለውል ነው። የላከችልዎ ፎቶ ከምታጸዳቸው ቤቶች አንዱን ቢመስል አይገርመኝም። እርስዎ «ፎቅ አልፈልግም» ሲሏት እሷ የምትሰማው «ድካምሽን አልፈልግም» የሚለውን ነው፤ ያስለቀሳትም እሱ ይመስለኛል።

በቤቱ ነገር ግን እኔም ከእርስዎ ጋር ነኝ። ከደሴ ወደ ወልዲያ በመኪና ያለፈ ሰው ሁሉ ያየዋል፤ ምድር ቤቱ ተለስኖ ቀለም የተቀባ፣ ላዩ ብሎኬቱ ያገጠጠ፣ ከጣሪያው በላይ ፌሮው ጣቱን እንደ ዘረጋ የቀረ ቤት። ፌሮው ለከርሞው ፎቅ ተብሎ የተተወ ነው፤ ከርሞ ሳይመጣ ይዝጋል። ነገሩ የኛ ብቻ እንዳይመስልዎ። በጓቲማላና በሜክሲኮ ገጠሮችም ልጆች ከአሜሪካ በላኩት ዶላር የቆሙ፣ አብዛኛው ክፍላቸው ተቆልፎ የሚከርም ትልልቅ ቤቶች ሞልተዋል።

እኔን ያሳሰበኝ በደብዳቤዎ ያልጻፉት ነው። ካርታው በማን ስም ነው? በባለቤትዎ ስም ከሆነና ውርሱ ካልተጣራ ቤቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም። በትዳር ያፈራችሁት ስለሆነ ግማሹ የእርስዎ ነው፤ የሟች ግማሽ ግን የወራሾቹ ነው። በመደበኛው ሕግ ለሦስቱም ልጆች እኩል ይከፈላል። ሁላችሁም ተስማምታችሁ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ከሄዳችሁ ደግሞ ከሟች ድርሻ ለእርስዎም ይደርስዎታል፤ ለሴቷ የሚደርሳት የወንዱ ግማሽ ነው። በየትኛውም ብትሄዱ ልጅቷ የጅዳን ላቧን የምታፈሰው ወንድሞቿ ባለድርሻ በሆኑበት ቦታ ላይ ነው። ዛሬ «የእህታችን ነው» ይላሉ። አግብተው ልጅ ሲወልዱ ምን እንደሚሉ ከሚደርሱኝ ደብዳቤዎች አውቀዋለሁ።

ስለዚህ ከዶማው በፊት ወረቀቱ ይቅደም። የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ያውጡ። ከዚያ አራታችሁም «ከእንግዲህ የሚሠራው በእሷ ገንዘብ ነው፤ ድርሻዋም ይህን ያህል ነው» ብላችሁ በምስክር ፊት ተፈራረሙ፤ እሷ ጅዳ ካለው ቆንስላችን ውክልና ትልካለች። «ካርታውን በስጦታ ላዙርላትና ልገላገል» ብለው እንዳይቸኩሉ። የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ እንዲገባ ያዛል፤ መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤቱን ይጠይቁ። መቼም ለውጫሌ ሰው ስለ ፊርማ አይነገርም፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ይስማ ንጉሥ ላይ ኢትዮጵያና ጣሊያን የውጫሌን ውል ፈርመው የየራሳቸውን ቅጂ ይዘው ሄዱ፣ ሰባት ዓመት ሳይሞላም ዓድዋ ላይ ተገናኙ።

ወደ ግንባታው ልምጣ። ጂ ፕላስ ሦስት በግንበኛ ልምድ ብቻ የሚወጣ አይደለም። የ2001ዱ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ ከ12 ሜትር በላይ የሆነውን ከላይኛው ምድብ አስቀምጦት ነበር፤ የልጅዎ ፎቅ እዚያው ወሰን ላይ ነው የሚያርፈው። የመሐንዲስ ስሌት ይፈልጋል፣ ፈቃድ ይፈልጋል። አገራችሁ ደግሞ የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው። በ1953 ዓ.ም. ማጀቴ የፈረሰችበትን፣ ከራ ቆሬ የተጎዳችበትን የመሬት መንቀጥቀጥ የሚያስታውሱ ሽማግሎች ዛሬም አይጠፉም።

እኔ ብሆን እንዲህ እላታለሁ፦ «ልጄ፣ ቤቱን ሥሪው፤ ግን ለራስሽ ሥሪው። ስትመጪ የምትተኚበት ክፍል ይኑረው፣ ቁልፉንም አንቺ ያዢው። ከመንገዱ በኩል አንድ ሱቅ ይውጣለት፤ ተመልሰሽ የሰው በር እንዳታንኳኪ። መሠረቱና ኮለኑ አንድ ፎቅ የሚሸከም ይሁን፤ ፎቁን ስታገቢ ትጨምሪዋለሽ። እኔን ምድር ቤት ተዪኝ፣ ጉልበቴ ደረጃ አይወጣም።» የተረፈው ገንዘብ ባንክ ይቀመጥ። ሳውዲ በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ የላኩት ሁሉ አልቆ በአንድ ፌስታል ቦሌ የወረዱት ጥቂት አልነበሩም።

አሮጌው ቤትስ? ግቢው ከበቃ አታፍርሱት፤ አዲሱ ከጎኑ ይቁም። ካልበቃና ምሰሶውን ምስጥ ከበላው ግን ለትዝታ ተብሎ አይቆምም። እዚህ ላይ ልጅዎ እውነት አላት።

የጎረቤትዎን ውሃ በቡና ይጀምሩት፤ አሸንዳ ይግጠምና ወደ ቦዩ ይመልሰው። እምቢ ካለ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 ባለንብረት ጎረቤቱን እንዳይጎዳና እንዳያውክ ይከለክላል። ስለ ፀሐይዋ ግን ተስፋ አልሰጥዎትም፤ በርበሬውን ሌላ ቦታ ያስጡት። እርስዎም ሲሠሩ ከወሰኑ ፈቀቅ ይበሉ፣ በወዲያኛው ጎረቤት ላይ ጥላ እንዳይጥሉ።

የቀረው የትንሹ ልጅዎ ነገር ነው። «አሠሪው እኔ ነኝ» ያለውን ሳነብ ደብዳቤውን አስቀምጬ አሰብኩ። ሌባ ነው አላልኩም። ነገር ግን ገንዘቡ በእህቱ ስም በተከፈተ ሒሳብ ይግባ፤ ውክልናው ግንባታውን በማስፈጸም ይወሰን፣ መሸጥ መለወጥና በመያዣ ማስያዝ የሚል አይግባበት፤ የሲሚንቶውና የፌሮው ደረሰኝ በየሳምንቱ ፎቶ እየተነሣ ይላክላት። ይህን ሲነግሩት ቢያኮርፍ፣ ያኩርፍ።