የባምብል ንቦች ቤተሰብ፦ ትብብሩም ጠቡም ከዝምድና

ንብ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ዓመት ከዓመት የሚዘልቅ ኅብረ ንብና በማር የተሞላ ቀፎ ነው። የባምብል ንብ ቤተሰብ ግን በአንዲት እናት ተጀምሮ በዚያው ዓመት ይበተናል። በዚህ አጭር ዕድሜ ውስጥ ሴት ልጆች ለእናታቸው ሲደክሙም፣ በመጨረሻ እናታቸውን ሲጋፈጡም እናያለን። ሁለቱን ጠባዮች የሚያስረዳን አንድ ነገር ነው፤ ማን ለማን ምን ያህል ይዛመዳል የሚለው ጥያቄ።

ምን ዓይነት ንብ ናት?

ባምብል ንቦች ከማር ንብ የሚወፍሩ፣ ሰውነታቸው በፀጉር የተሸፈነ፣ ወደ 250 የሚጠጉ ዝርያዎች ያሏቸው ነፍሳት ናቸው። የሚበዙት በአውሮፓ፣ በእስያና በአሜሪካ ቀዝቃዛ አካባቢዎች ነው። ከሰሃራ በታች በተፈጥሮ አይገኙም። በአገራችን ደረቅ እንጨት እየቦረቦረ ጎጆውን የሚሠራው ትልቅ ጥቁር ንብ ቢመስላቸውም ወገኑ ሌላ ነው። እዚህ የምንመለከተው በብዛት የተጠናውን ቦምቡስ ቴሬስትሪስ የተባለውን ዝርያ ነው። በአውሮፓ በሰፊው ይኖራል፤ በሰሜን አፍሪካና በሰሜን እስራኤልም ይገኛል።

ንግሥቲቱ ብቻዋን ስትጀምር

በአውሮፓ ብርዱ ሲለቅ፣ አፈር ውስጥ ለወራት የተኛችው ንግሥት ትነቃለች። ያዳቀላት ወንድ ከሞተ ቆይቷል፤ ዘሩ ግን በሆዷ ውስጥ ባለች ትንሽ ከረጢት ተጠብቋል። በመጀመሪያ አበባ ፈልጋ ትመገባለች፤ የአበባ ዱቄት ካላገኘች እንቁልጢዋ አያድግም። ከዚያ ዝቅ ብላ እየበረረች የጎጆ ቦታ ታማርጣለች። አይጥ ትቶት የሄደ ጉድጓድ ይመቻታል፤ በውስጡ ያለው ደረቅ ሣርና ፀጉር ሙቀት ይይዛልና።

እዚያም ከሰም ትንሽ ማሰሮ ሠርታ ከአበባ የቀዳችውን ጣፋጭ ፈሳሽ ታጠራቅምበታለች። በአበባ ዱቄት ጉብታ ላይ የመጀመሪያዎቹን እንቁላሎች ጥላ እንደ ዶሮ ትታቀፋቸዋለች። ክንፏን ሳታርገበግብ የመብረሪያ ጡንቻዎቿን እያንቀጠቀጠች ሙቀት ታመነጫለች፤ ሆዷን እንቁላሎቹ ላይ ለጥፋም ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ታሞቃቸዋለች። ይህ ብዙ ኃይል ይጨርሳል። በአቅራቢያዋ አበባ ከሌለ ምግብ ፍለጋ ርቃ ትሄዳለች፤ እንቁላሎቹም ይቀዘቅዛሉ። ብዙ ቤተሰብ ሳይመሠረት የሚቀረው በዚህ ወቅት ነው።

ሥራው እንዴት ይከፋፈላል?

ከ3 እስከ 5 ሳምንት ባለው ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች ይወጣሉ። ሁሉም ሴቶች ናቸው። ከዚህ በኋላ ንግሥቲቱ ከጎጆ አትወጣም፤ ሥራዋ እንቁላል መጣል ይሆናል። ሠራተኞቹ በመጠን እጅግ ይለያያሉ፤ በአንድ ጎጆ ውስጥ ትልቋ ከትንሿ እስከ 10 እጥፍ ልትከብድ ትችላለች። ትልልቆቹ በአብዛኛው ምግብ ፍለጋ ይወጣሉ፣ ትንንሾቹ እጮችን ይመግባሉ። የማር ንብ አበባው ያለበትን አቅጣጫ በጭፈራ ትጠቁማለች፤ ባምብል ንብ ይህ ጭፈራ የላትም። ምግብ አግኝታ ስትመለስ ጎጆው ውስጥ እየተሯሯጠች ጓደኞቿን በጠረን ታነቃቃለች፤ እነርሱም ወጥተው በየራሳቸው ይፈልጋሉ። ቤተሰቡ እያደገ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ሊኖሩት ይችላል።

ወንድና ሴት በምን ይለያሉ?

ንግሥቲቱ እንቁላል ስትጥል ካስቀመጠችው ዘር ካሳለፈችበት እንቁላሉ ይዳብራል፤ ከእናትና ከአባት 18፣ 18፣ በድምሩ 36 ክሮሞዞም ይይዝና አብዛኛውን ጊዜ ሴት ይሆናል። ዘር ካላሳለፈችበት የእናቱን 18 ክሮሞዞም ብቻ ይዞ ወንድ ይሆናል። ስለዚህ ወንዱ አያት እንጂ አባት የለውም።

ሴቷ ሠራተኛ ወይም ንግሥት የምትሆነው በእጭነቷ ዘመን በምታገኘው እንክብካቤ ነው። ንግሥት የምትሆነው እጭ ለረጅም ጊዜ ትመገባለች፣ በጣምም ትገዝፋለች። ቤተሰቡ ገና ወጣት ሳለ ግን የንግሥቲቱ ተጽዕኖ እጮቹን ወደ ሠራተኛነት ይመራቸዋል።

ዝምድናው ሲሰላ

የዚህ ዝርያ ንግሥት አብዛኛውን ጊዜ የምትዳቀለው ከአንድ ወንድ ጋር ብቻ ነው። አባትየው አንድ ነጠላ የክሮሞዞም ስብስብ ብቻ ስላለው ለሴት ልጆቹ ሁሉ ያንኑ ሙሉውን ይሰጣል። በዚህ ምክንያት እኅትማማቾች በአማካይ 75 በመቶ ይዛመዳሉ። አንዲት ሠራተኛ ከወንድሟ ጋር ያላት ዝምድና 25 በመቶ፣ ከራሷ ወንድ ልጅ ጋር 50 በመቶ፣ ከእኅቷ ወንድ ልጅ ጋር ደግሞ 37.5 በመቶ ነው።

እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ዊልያም ሃሚልተን በ1964 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ ዘመድን መርዳት የራስን ዘረ መል ለማስተላለፍ አንዱ መንገድ ነው። ንቧ ይህን ሒሳብ አትሠራውም፤ ሒሳቡ የሚገልጸው የትኛው ጠባይ በትውልድ እየተመረጠ እንደሚቆይ ነው። ንግሥቲቱ ሴት ልጆች በምትወልድበት ጊዜ ሠራተኛዋ እኅቶቿን ብታሳድግ ታተርፋለች። ንግሥቲቱ ወደ ወንድ ልጆች ስትዞር ግን ሠራተኛዋ ከወንድሟ ይልቅ የራሷ ልጅ ይቀርባታል፤ ንግሥቲቱ ደግሞ ከልጅ ልጅ ይልቅ የራሷን ልጅ ትመርጣለች።

ሰላሙ ሲናጋ

ሠራተኞች ባይዳቀሉም ያልዳበረ እንቁላል መጣል ይችላሉ፤ ከእርሱም ወንድ ይወጣል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ንግሥቲቱ ስላለች እንቁልጢያቸው አያድግም። የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች ከወጡ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ግን አንዳንዶቹ እንቁላል መጣል ይጀምራሉ። ንግሥቲቱ የእነርሱን እንቁላል ትበላለች፤ እነርሱም የእርሷንና የእርስ በርሳቸውን ይበላሉ። ጠቡ ሲበረታ ንግሥቲቱን እስከ መግደል ይደርሳል። እንዲያም ሆኖ አብዛኞቹ ወንዶች የንግሥቲቱ ልጆች ናቸው።

መዳቀልና ረጅሙ እንቅልፍ

አዳዲስ ወንዶችና ንግሥቶች ከጎጆ ይወጣሉ። ወንዱ ቅጠልና ቁጥቋጦ ላይ ሽታ እየተወ በዚያ መስመር ይመላለሳል። ሲዳቀል ከዘሩ በኋላ የንግሥቲቱን መንገድ የሚደፍን የሚጣበቅ ነገር ይተዋል፤ ሊኖሌይክ አሲድ የተባለው የዚህ ነገር ክፍል እንደገና የመዳቀል ፍላጎቷን እንደሚቀንስ ተደርሶበታል። ብርዱ ሲመጣ አሮጊቷ ንግሥት፣ ሠራተኞቹና ወንዶቹ ይሞታሉ። የተዳቀሉት ወጣት ንግሥቶች ስብ አጠራቅመው አፈር ቆፍረው ይተኛሉ።

ይህ ዕውቀት ለምን ይጠቅማል?

አንድ ሜዳ ላይ 200 ባምብል ንብ ብናይ ሁሉም የአንዲት ንግሥትና የአንድ ወንድ ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ የዝርያውን ጤንነት የሚነግረን የጎጆው ቁጥር ነው። ጎጆዎች ሲያንሱ ዘመዳሞች ይዳቀላሉ፤ ጾታን የሚወስነው ዘረ መል ከሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ሲሆን ከዳበሩት እንቁላሎች ግማሹ ሠራተኛ መሆን ሲገባው ወንድ ይሆናል። እነዚህ ወንዶች ምግብ አያመጡም፣ በአብዛኛው ዘርም አይተኩም፤ ቤተሰቡም ይደክማል።

ባምብል ንቦች አበባን አንቀጥቅጠው ዱቄቱን ስለሚያራግፉ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለቲማቲም ልማት በፋብሪካ ደረጃ ይረባሉ፤ አገር በቀል የሆኑትን ለመጠበቅ ግን መነሻው ንግሥቲቱ ናት። በጸደይ መጀመሪያ የሚያብቡ ተክሎችን መትከል፣ ያልታረሰ ጥግና የአይጥ ጉድጓድ ያለበትን አጥር ሥር ሳይነኩ መተው፣ በዚያ ወቅት ፀረ ተባይ አለመርጨት ይገባል። በጸደይ አንዲት ንግሥትን ያተረፈ ሰው የዓመቱን ቤተሰብ በሙሉ አትርፏል።