ብስክሌትንና ጎረቤትን የሚጠብቅ ቁልፍ



በዚህ ትምህርት ስለ ብስክሌት ቁልፍ አመራረጥና አጠቃቀም እንነጋገራለን። አንዳንዶቻችሁ «ቁልፍ ምን ጥናት ያስፈልገዋል?» ትሉ ይሆናል። ይሁን እንጂ በኖፓም ሆነ በመቱ፣ በሁሩሙም ሆነ በጎሬ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ገበያና ወደ ሥራ በብስክሌት ለሚመላለስ ወጣት ብስክሌቱ እግሩ ነው። ቤተሰቡ ቡና ሸጦ የገዛለት ብስክሌት የጠፋ እንደሆነ ሌላ ለመግዛት የሚቀጥለውን ምርት መጠበቅ ግድ ይሆናል።

ከገንዘቡም የሚብስ ጉዳት አለ። ብስክሌት በጠፋ ማግስት ሌባው አይገኝም፤ ጥርጣሬ ግን ወዲያው ይገኛል። በአጠገቡ ሲጫወት የታየው ልጅ፣ በጊቢው ውስጥ የሠራው የቀን ሠራተኛ፣ ከገጠር ለትምህርት መጥቶ ቤት የተከራየው ተማሪ ማስረጃ ሳይኖር ስማቸው ይነሣል። ብስክሌቱ ቢገኝ እንኳ የጠፋው ስም በቀላሉ አይመለስም። ስለዚህ ቁልፍ የሚጠብቀው ንብረትን ብቻ ሳይሆን ንጹሑን ጎረቤትም ጭምር ነው።

በ1948 እ.ኤ.አ. ኢጣልያዊው ቪቶርዮ ዴ ሲካ «የብስክሌት ሌቦች» የተባለውን ፊልም ሠርቶ ነበር። ታሪኩ ያለ ብስክሌት ሊሠራው የማይችለውን ሥራ ያገኘ የአንድ ድኻ አባት ታሪክ ነው። ሥራ በጀመረበት ቀን ብስክሌቱ ይሰረቅበታል፤ ፈልጎ ፈልጎ ሲያጣም በመጨረሻ እርሱ ራሱ የሌላ ሰው ብስክሌት ለመስረቅ ይሞክራል። አንድ ስርቆት ሌላውን እንደሚወልድ ከዚህ እንረዳለን።

1ኛ. ቁልፍ እንዴት ይሠራል?

ዛሬ በብዛት የምንጠቀምበት ጓጉንቸር በውስጡ በሞላ የሚገፉ፣ ቁመታቸው የተለያየ ትናንሽ የብረት ዘንጎች አሉት። ትክክለኛው መክፈቻ ሲገባ ጥርሶቹ ዘንጎቹን በልካቸው ያነሡና ሁሉም በአንድ መስመር ላይ ሲቆሙ ቁልፉ ይዞራል። የጥንት ግብፃውያን በዚሁ ዘዴ የእንጨት ቁልፍ ይሠሩ ነበር፤ አሜሪካዊው ሊነስ ዬል ደግሞ በ1861 እ.ኤ.አ. በትንሽ የብረት ቁልፍ አሻሽሎ የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። እንግዲህ ርካሽ ጓጉንቸር የሚደክመው ዘንጎቹ ጥቂት፣ ሞላው ልል፣ ብረቱም ለስላሳ ስለሚሆን ነው።

በቁጥር የሚከፈተውንም እንመልከት። ሦስት ቁጥር ያለው ቁልፍ 1000 አማራጮች አሉት። ሌባው አንዱን በ2 ሴኮንድ ቢሞክር ሁሉንም ለመጨረስ 33 ደቂቃ ያህል ብቻ ይበቃዋል። አራት ቁጥር ያለው ግን 10,000 አማራጮች ስላሉት በዚሁ ፍጥነት ከአምስት ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጃል። አንድ ቁጥር መጨመር ድካሙን ዐሥር እጥፍ ያደርገዋል ማለት ነው።

2ኛ. የትኛውን እንምረጥ?

ሀ) ከኋላ ጎማ ላይ የተገጠመ ቁልፍ፦ ብስክሌቱ እንዳይነዳ ያደርጋል እንጂ ተሸክሞ መሄድን አይከለክልም። ሱቅ ገብተን እስክንወጣ ይረዳል፤ ለብቻው ግን አይበቃም።

ለ) የሽቦ ገመድ፦ ቀላልና ርካሽ ነው። በላስቲክ ስለተሸፈነ ወፍራም ይመስላል፤ ውስጡ ግን ቀጫጭን ሽቦ በመሆኑ በጥሩ መቁረጫ በጥቂት ጊዜ ይበጠሳል። የፊት ጎማን ወይም ኮርቻን ለማሰር ቢውል ይሻላል።

ሐ) ሰንሰለትና ጓጉንቸር፦ በከተሞቻችን በየብረታ ብረት ሱቁ የሚገኝ በመሆኑ ለአብዛኛዎቻችን የሚስማማው ይህ ነው። ነገር ግን ሰንሰለቱ ወፍራም ሆኖ ጓጉንቸሩ ቀጭን ከሆነ ሌባው ሰንሰለቱን አይነካም፤ በጓጉንቸሩ ይገባል። ስለዚህ ሁለቱን በእኩል ጥንካሬ እንግዛ። ሰንሰለቱ የብስክሌቱን ቀለም እንዳይፍቅ በአሮጌ ከመነዳሪ ማልበስ ይቻላል።

መ) በፈረስ ኮቴ ብረት አምሳል የተሠራው ቁልፍ፦ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ የተስፋፋ ሲሆን ጠንካራ ብረት በመሆኑ በተራ ፒንሳ አይቆረጥም። ቢሆንም ፍጹም የሆነ ቁልፍ የለም። በ2004 እ.ኤ.አ. ክሪፕቶናይት የተባለው ታዋቂ ኩባንያ የሠራቸው፣ መክፈቻቸው ክብ ቱቦ የሆነ ቁልፎች በተራ እስክሪብቶ ቀፎ እንደሚከፈቱ ታውቆ ኩባንያው በነጻ ለመለወጥ ተገዷል። ስለዚህ ከዚህ ዓይነት ስንገዛ መክፈቻው ጠፍጣፋ የሆነውን እንምረጥ።

የቁልፍ ሥራ ሌባውን ማዘግየትና ድምፅ እንዲያሰማ ማስገደድ ነው። ሴጌቶ የያዘ ሰው ጊዜ ካገኘ ብዙውን ነገር ይቆርጣል። ጊዜ እንዳያገኝ የሚያደርገው ግን የሰው ዓይን ነው።

3ኛ. እንዴት እንቆልፍ?

በመጀመሪያ፣ ቁልፉ የኋላውን ጎማ፣ የብስክሌቱን ዋና አካልና የማይነቃነቅ ነገርን በአንድነት ይያዝ። የፊት ጎማው ብቻ ከታሰረ ሌባው ዳዶውን ፈትቶ ጎማውን ትቶልን ሌላውን ይወስዳል።

በሁለተኛ ደረጃ፣ የምናስርበትን ነገር በእጃችን ነቅነቅ አድርገን እንፈትን። በዝናብ የራሰ መሬት ላይ የቆመ የባሕር ዛፍ አጥር እንጨት በቀላሉ ይነቀላል። አጭር ምሰሶ ከሆነም ሰንሰለቱ ከነብስክሌቱ በላዩ ተነሥቶ ይወጣል። የመስኮት ፍርግርግ ወይም በሲሚንቶ የተተከለ ብረት ይመረጣል።

በሦስተኛ ደረጃ፣ ጓጉንቸሩ መሬት ላይ አይረፍ፤ መሬት ላይ ካረፈ ሌባው ድንጋዩን እንደ ሰንዳን ተጠቅሞ በመዶሻ ይመታዋል። ሰንሰለቱም አይላላ፤ በክፍተቱ ፌሮ አስገብቶ ለመጠምዘዝ ይመቻል።

በአራተኛ ደረጃ፣ የቁልፉ ቀዳዳ ወደ ታች ይዙር። ጎሬ በዓመት 2000 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት፤ አገራችን ኢሉባቦር ዝናብ የማይሰለቻት ናትና ቀዳዳው ወደ ላይ የዞረ ቁልፍ ውኃ ይጠጣል፣ ይዝጋል። ዝጎ እምቢ ያለ ቁልፍ ባለቤቱን አስቸግሮ በመጨረሻ ሳይቆለፍ ይቀራል። የእርሳስን ጥቁር እምብርት ፈጭቶ በመክፈቻው ጥርስ ላይ መቀባት ያለሰልሰዋል። የምግብ ዘይት ግን አቧራ ይዞ ስለሚደርቅ አይጠቅምም።

በአምስተኛ ደረጃ፣ መለዋወጫውን መክፈቻ ኮርቻ ሥር አንደብቅ። እኛ ያሰብነውን መደበቂያ ሌባውም ያስበዋል። መለዋወጫው በቤት ይቀመጥ።

4ኛ. ከመጥፋቱ በፊት የሚደረግ ጥንቃቄ

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን ሁለት ነገር እናድርግ። አንደኛው፣ በብዙ ብስክሌቶች ላይ ፔዳሉ ከሚዞርበት ቦታ በታች የተቀረጸ ቁጥር አለ፤ ይህን ቁጥር ከደረሰኙ ጋር መዝግበን፣ በስልካችንም ፎቶግራፍ አንሥተን እናስቀምጥ። ለፖሊስ «ቀይ ብስክሌት ጠፋኝ» ማለትና ቁጥሩን መስጠት አንድ አይደለም።

ሁለተኛው፣ በጣም ርካሽ ሆኖ ያለ ደረሰኝ የሚሸጥ ብስክሌት አንግዛ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 665 ስርቆትን፣ በአንቀጽ 682 ደግሞ በወንጀል የተገኘ ዕቃ መቀበልን ያስቀጣል። የሚገዛ ባይኖር የሚሰርቅም ይቀንሳል።

5ኛ. በኅብረት ምን እናድርግ?

በጉባኤና በበዓል ቀን ብስክሌቶች በየአጥሩ ተበታትነው ይታያሉ። ሁሉም በአንድ ግልጽ ቦታ ቢቆሙና አንድ ረጅም ሰንሰለት በሁሉም አካል ውስጥ ቢያልፍ አንዱን ብቻ ነጥሎ መውሰድ ይከብዳል። ጥቂት ጥቂት አዋጥተን የታጠፈ ፌሮ በሲሚንቶ ብናስተክልም ብዙ ዓመት ያገለግላል። ተራ ገብተን ብንጠብቅ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል፤ ብስክሌት የሌለው ወጣትም ለወንድሙ ንብረት ባለዐደራ ይሆናልና።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ መቆለፍ ጎረቤትን መጠርጠር የሚመስለው ሰው አይጠፋም። እኛ ግን በተቃራኒው እናየዋለን። ሳይቆለፍ የቀረ ብስክሌት የሚያልፈውን ሁሉ ተጠርጣሪ ሊያደርግ ይችላል፤ የተቆለፈ ብስክሌት ግን ሁሉም በሰላም እንዲያልፍ ይረዳል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችን ብስክሌት የሚታሰርባቸው ቦታዎች የትኞቹ ናቸው? ከእነርሱስ በቀላሉ የሚነቀለው የትኛው ነው?
2. ንብረት ጠፍቶ ያለ ማስረጃ የአንድ ሰው ስም ሲነሣ ብንሰማ ምን ማድረግ ይገባናል?
3. ለጋራ ማቆሚያ የሚሆን ብረት፣ ሲሚንቶና ሰንሰለት ለመግዛት ምን ያህል ያስፈልጋል? ዋጋውን ጠይቃችሁ ለሚቀጥለው ስብሰባ አቅርቡ።