ዕድል ወይስ ክህሎት? የጌም አሰራጮች ስኬት በሒሳብ ዓይን

ገበጣ ተጫውቶ ያሸነፈንን ሰው ከእኛ የተሻለ አሳቢ መሆኑን እንቀበላለን፤ ጠጠሮቹ የሚያርፉበትን ጉድጓድ የሚወስነው የተጫዋቾቹ ስሌት ብቻ ነውና። የሎተሪ ዕጣ የደረሰውን ሰው ግን «እንዴት ያለ ጎበዝ ነው!» ብለን አናደንቀውም። ገበጣ የክህሎት፣ ሎተሪ የዕድል ውድድር ነው። በሕይወት የሚያጋጥሙን አብዛኞቹ ውድድሮች የሚገኙት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ከእነዚህም አንዱ፣ የቪዲዮ ጌም እየተጫወቱ ጨዋታውን ከነንግግራቸው በኢንተርኔት በቀጥታ የሚያሰራጩ ሰዎች፣ ማለትም ስትሪመሮች፣ የሚያደርጉት ውድድር ነው።

ለዚህ ሥራ ዋነኛ መድረክ የሆነው ትዊች የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ በ2014 አማዞን 970 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ገዛው። ጥቂት አሰራጮች በዚህ ሥራ ከፍተኛ ሀብት ሲያፈሩ ያዩ ወጣቶችም «እኔስ ለምን አይሳካልኝም?» ብለው መጠየቃቸው አልቀረም። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ለጥናት የሚውለውን ጊዜ፣ አንዳንዴም ትምህርቱን ራሱን ለዚህ ተስፋ የሚሠዋ ተማሪ ይኖራልና። በዚህ ጽሑፍ የዕድልና የክህሎትን ድርሻ በቀላል የፕሮባብሊቲ ስሌት እንመረምራለን።

ክህሎትና ዕድል ስንል

ለአሰራጭ የሚያስፈልገው ክህሎት ጌሙን መጫወት መቻል ብቻ አይደለም። እጁ በጨዋታው ላይ ሳለ አንደበቱ ከተመልካች ጋር መነጋገር አለበት። የሚመልስለት ሰው በሌለበት ሰዓት እንኳ ዝም ሳይል መናገር፣ የድምፁን ጥራት መጠበቅ፣ ባስታወቀው ቀንና ሰዓት መገኘት፣ የሚጫወተውን ጌም በማስተዋል መምረጥ ይጠበቅበታል። እነዚህ ሁሉ በልምምድ የሚሻሻሉ ናቸው።

ዕድል ስንል ደግሞ ከሰውየው ቁጥጥር ውጪ የሆነውን ሁሉ ማለታችን ነው። የመረጠው ጌም በድንገት መወደዱ፣ አንድ ዝነኛ ሰው በአጋጣሚ ስርጭቱን ማየቱ፣ የተወለደበት አገርና የሚናገረው ቋንቋ ሁሉ በዚህ ይመደባሉ። ፈጣን ኢንተርኔት ባለበት ከተማ የሚኖርና መብራት በየጊዜው በሚቋረጥበት ሥፍራ የሚኖር ሁለት ወጣቶች፣ ክህሎታቸው እኩል ቢሆንም መነሻቸው እኩል አይደለም። በእንግሊዝኛ የሚያሰራጭና በአማርኛ የሚያሰራጭም ሊደርሱት የሚችሉት የተመልካች ብዛት እጅግ የተለያየ ነው።

የዶቃው ሙከራ

ዕድል የሚሠራበትን መንገድ ለመረዳት እያንዳንዱ አንባቢ በቤቱ ሊያደርገው የሚችል ሙከራ አለ። መጠናቸው እኩል የሆነ አንድ ቀይና አንድ ነጭ ዶቃ በከረጢት ውስጥ እናስቀምጥ። ሳናይ አንዱን እናውጣ። የወጣውን ከመለስን በኋላ ቀለሙ ተመሳሳይ የሆነ ሌላ ዶቃ እንጨምር። ይህንኑ ደጋግመን እናድርግ። የሒሳብ ሊቃውንት ይህን ሙከራ በሃንጋሪያዊው ጆርጅ ፖሊያ ስም «የፖሊያ ማሰሮ» ይሉታል።

ቀዩና ነጩ ዶቃ ክህሎታቸው ፍጹም እኩል የሆነ ሁለት አሰራጮችን፣ የሚጨመሩት ዶቃዎች ደግሞ አዳዲስ ተመልካቾችን ይወክላሉ እንበል። የስርጭት መድረኮች ቻናሎችን በተመልካች ብዛት ቅደም ተከተል ሲደረድሩ፣ አዲስ ገቢ ከላይ የሚያየውን መክፈቱ አይቀርም። ስለዚህ ብዙ ያለው ብዙ ያገኛል፤ ከረጢቱም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዶቃዎች ሁሉም ቀይ የመሆናቸው ፕሮባብሊቲ 1/2 × 2/3 × 3/4 = 1/4 ነው። ሳንቲም ሦስት ጊዜ ወርውረን ሦስቱንም አንበሳ የማግኘታችን ፕሮባብሊቲ ግን 1/8 ብቻ ነው። ሙከራውን 98 ጊዜ ብንደግም በከረጢቱ 100 ዶቃዎች ይኖራሉ። የቀዮቹ ቁጥር ከ1 እስከ 99 ካሉት ማንኛውንም ሊሆን ይችላል፤ የሁሉም ፕሮባብሊቲ እኩል 1/99 ነው። እንግዲህ አንዱ ቀለም 90 ወይም ከዚያ በላይ የመያዙ ፕሮባብሊቲ 20/99፣ ማለትም ከአምስት አንድ ገደማ ነው። ሳንቲም 98 ጊዜ ብንወረውር እንዲህ ያለ ብልጫ ማየት ከቶ የማይታሰብ ነበር።

ከዚህ ሁለት ቁም ነገሮች እንማራለን። አንደኛ፣ በክህሎት እኩል በሆኑ ሰዎች መካከል የሰማይና የምድር ያህል ልዩነት ሊፈጠር ይችላል። ሁለተኛ፣ ዕድል ከፍተኛ ኃይል የሚኖረው በመነሻው ላይ ነው። የመጀመሪያው ዶቃ የአንዱን ድርሻ ከ1/2 ወደ 2/3 ያሳድጋል፤ ከረጢቱ 100 ዶቃ ከያዘ በኋላ ግን አንድ ዶቃ ድርሻውን በ1 በመቶ ያህል እንኳ አይለውጠውም። የማኅበራዊ ሳይንስ ሊቁ ሮበርት መርተን እ.ኤ.አ. በ1968 ተመሳሳይ ክስተት በሳይንቲስቶች ዝና ላይ አስተውሎ፣ ላለው እንደሚጨመርለት የሚያስተምረውን ወንጌል በማስታወስ «የማቴዎስ ውጤት» ብሎታል።

በሰዎች ላይ የተደረገ ምርመራ

ይህ የዶቃ ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ ያሳየ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2006 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ወጥቷል። ሳልጋኒክ፣ ዶድስና ዋትስ የተባሉ ተመራማሪዎች ታዋቂ ያልሆኑ ባንዶች የሠሯቸውን 48 ዘፈኖች ለ14,341 ሰዎች በኢንተርኔት አቀረቡ። ከፊሎቹ የሌሎችን ምርጫ ሳያዩ መረጡ። የቀሩት በ8 የተለያዩ «ዓለማት» ተከፍለው፣ እያንዳንዱ ዘፈን በዓለማቸው ስንት ጊዜ እንደተወሰደ እያዩ መረጡ። ሌሎችን ሳያዩ በመረጡት ዘንድ 26ኛ የነበረ አንድ ዘፈን በአንደኛው ዓለም 1ኛ ሲወጣ በሌላው 40ኛ ሆነ። ይሁን እንጂ እጅግ ጥሩዎቹ ዘፈኖች ከመጨረሻዎቹ ተርታ የወደቁት፣ እጅግ ደካሞቹም ከፊት የተሰለፉት ከስንት አንዴ ነበር። ክህሎት የውጤቱን ድንበር አሰመረ፤ በድንበሩ ውስጥ ቦታውን ያደላደለው ግን በአመዛኙ ዕድል ነበር።

የአንድ አሰራጭ ታሪክ

«ኒንጃ» በሚል ስም የሚታወቀው አሜሪካዊው ታይለር ብሌቪንስ ሄሎ የተባለውን ጌም በሙያ ደረጃ መጫወት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነበር፤ ማሰራጨት የጀመረው ደግሞ በ2011። ፎርትናይት በ2017 መገባደጃ ድንገት ዓለምን ሲያዳርስ፣ ኒንጃ በዚህ መሰል ጨዋታ የሠለጠነ እጅና ለዓመታት የተሞረደ አንደበት ነበረው። በመጋቢት 2018 ዘፋኙ ድሬክ አብሮት ሲጫወት በአንድ ጊዜ ከ600,000 በላይ ሰዎች ተመለከቱት፤ ይህም በትዊች የግለሰብ ስርጭት ክብረ ወሰን ነበር። የፎርትናይት መምጣትና የድሬክ መቀላቀል ዕድል ነው። ያ ዕድል ሲመጣ ተዘጋጅቶ መገኘት ግን የዓመታት ልፋት ውጤት ነው።

ክህሎት ምን ያደርጋል?

የዶቃው ሙከራ አንድ ጉድለት አለው፤ የገባ ዶቃ አይወጣም። እውነተኛው ከረጢት ግን ቀዳዳ አለው። አሰልቺ ስርጭት ያጋጠመው ተመልካች ወዲያው ይወጣል። የክህሎት የመጀመሪያ ሥራ ይህን ቀዳዳ መድፈን ነው፤ ዕድል ያመጣውን ተመልካች ማቆየት የሚችለው ክህሎት ነውና።

ሁለተኛው ሥራው የሙከራን ፍሬ ማብዛት ነው። አንድ ስርጭት የብዙዎችን ዓይን የመሳብ ፕሮባብሊቲው 1/100 ነው እንበል። ስርጭቶቹ አንዱ በሌላው ላይ ተጽዕኖ ባይኖረው፣ በ10 ስርጭቶች ቢያንስ አንድ ጊዜ የመታየት ፕሮባብሊቲ 10 በመቶ ገደማ፣ በ100 ስርጭቶች 63 በመቶ፣ በ200 ደግሞ 87 በመቶ ይሆናል። በልምምድ ፕሮባብሊቲውን ወደ 2/100 ያሳደገ ሰው ግን 87 በመቶ የሚደርሰው በ100 ስርጭቶች ብቻ ነው። ክህሎት ዕድልን አያዝዝም፤ የጥበቃውን ዘመን ግን ያሳጥራል። ስህተቱን ሳያርም አንድ ዓይነት ስርጭት የሚደጋግም ሰው በዚህ ስሌት ሊጽናና አይገባውም።

ማጠቃለያ

የተሳካላቸው ሰዎች «ተስፋ ሳልቆርጥ ስለሠራሁ ተሳካልኝ» ሲሉ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ተስፋ ሳይቆርጡ ሠርተው ያልተሳካላቸውን ማንም ቃለ መጠይቅ አያደርግላቸውም። አሸናፊዎችን ብቻ እያዩ መደምደም፣ የሎተሪ ባለዕድሎችን ብቻ ጠይቆ «ሎተሪ የቆረጠ ሁሉ ይበለጽጋል» እንደማለት ነው።

ስለዚህ በዚህ መስክ ዕድሉን ሊሞክር የሚሻ ተማሪ እንደ ተመራማሪ ይሞክር። ስንት ስርጭት እንደሚያደርግና ምን ያህል ሰዓት እንደሚያውል አስቀድሞ ይወስን፤ ለሦስት ሰዓት የሚቆዩ 100 ስርጭቶች 300 ሰዓት እንደሚፈጁም አይዘንጋ። ምን ያህል ሰው መጣ ከሚለው ይልቅ የመጣው ምን ያህል ቆየ የሚለውን ይለካ፤ ወደ ክህሎቱ የሚያመለክተው ይህ ሁለተኛው ነውና። ባይሳካለት ራሱን እንደ ሰነፍ፣ ቢሳካለትም ሌሎችን እንደ ሰነፍ አይቁጠር። ትምህርቱን ግን በከረጢቱ ውስጥ አይክተት፤ ከዚያ ከረጢት ውስጥ የትኛው ቀለም እንደሚወጣ ማንም አስቀድሞ አያውቅምና።