ከሐዲዱ ዝርጋታ በኋላ፦ ከሎቢቶ ወደብ የምንማረው

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 የተጻፈው የግንብ ሠሪው ምሳሌ፣ ሥራ ከመጀመራችን በፊት ወጪውን እንድናሰላ ያስተምረናል። እኛ ግን ብዙ ጊዜ የምናሰላው እስከ ምርቃቱ ቀን ያለውን ብቻ ነው። ከምርቃት በኋላ ስላለው ወጪ ለመማር የአንጎላን የሎቢቶ ወደብ ታሪክ እንመልከት።

ሎቢቶ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳርቻ የምትገኝ ከተማ ናት። ከእርሷ ተነሥቶ እስከ ኮንጎ ድንበር የሚዘልቀው የቤንጌላ የባቡር መሥመር 1,344 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው። ሥራው በ1903 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ1929 ድንበሩ ላይ ደረሰ። የካታንጋ መዳብ በዚህ መሥመር ወደ ባሕር ይወርድ ነበር። በ1975 የተነሣው የእርስ በርስ ጦርነት ግን ድልድዮችን አፈረሰ፤ በመሥመሩም ዙሪያ ፈንጂ ተቀበረ። ጦርነቱ በ2002 ሲያበቃ ይሠራ የነበረው ሎቢቶንና ቤንጌላን የሚያገናኘው አጭር ክፍል ብቻ ነበር። ወደቡም የሩቁን ጭነት አጥቶ ቆየ።

መንግሥት ከ2006 ጀምሮ በቻይና ተቋራጭ መሥመሩን እንደ ገና አሠራ፤ በ2015ም እስከ ድንበሩ ከተማ እስከ ሉዋው ተመረቀ። ሆኖም መዳቡ ወዲያው አልተመለሰም። ከድንበሩ ማዶ ያለው የኮንጎ ሐዲድ አርጅቶ ነበር፤ ላኪዎችም በሌሎች ወደቦች መገልገልን ለምደው ነበር። በ2023 የጭነት አገልግሎቱና ጥገናው ለ30 ዓመት በኮንትራት ለአንድ የኩባንያዎች ኅብረት ተሰጠ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የኮንጎ መዳብ በሙከራ ወደ ሎቢቶ መጓዝ ጀመረ። ሐዲዱን ያነቃው ጭነትና የሚጠብቀው ባለአደራ ነው። በመሥመሩ ላይ ያለው የሁዋምቦ ገበሬ በቆሎውን የሚጭንበት ጣቢያ ካላገኘ ግን ባቡሩ በደጁ አልፎ ይሄዳል እንጂ አይጠቅመውም።

ይህን በራሳችን ስሕተትም ተምረነዋል። በአንድ አጥቢያ የእጅ የውኃ ፓምፕ አስመርቀን በእልልታ ተመለስን። ዓመት ሳይሞላው አንዲት ትንሽ ላስቲክ ተበላሸች፤ እናቶችም እንስራቸውን አዝለው ወደ ወንዙ ተመለሱ። ጥፋቱ የእነርሱ አልነበረም፤ የጥገና ገንዘብም ሆነ የሠለጠነ ሰው ያላዘጋጀን እኛ ነን።

ስለዚህ ሰበካ ጉባኤያት አዲስ ፕሮጀክት ከመጠየቃቸው በፊት በሚከተሉት ላይ እንዲወያዩ በትሕትና እናሳስባለን።

1. ሥራው ከተመረቀ በኋላ የሚጠብቀውና የሚጠግነው ማን ነው? ገንዘቡስ ከየት ይመጣል?
2. ሥራችን የተያያዘበት፣ በሌላ እጅ ያለ መንገድ፣ መብራት ወይም ገበያ ዝግጁ ነውን?
3. በአጥቢያው ያለች መበለት ከዚህ ሥራ ምን ታገኛለች?

ለሦስቱም መልስ ካልተገኘ፣ የመሠረት ድንጋዩን ማስቀመጥ ለጥቂት ወራት ቢዘገይ ይሻላል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።