ስለ መገናኛ መረብ ጥበቃና ስለ ማስጠንቀቂያው አተካከል

በመርጡለ ማርያም መጋዘንና ጽሕፈት ቤት ያለው የእህል ነጋዴ ኮምፒዩተሮቹን በስዊች አገናኝቶ ሲሠራ፤ መሥመሩ መቋረጡን ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ደንበኛ ደረሰኝ እየጠበቀ ሲቆም ነው። የዚያን ቀን ሒሳብም ሳይመዘገብ ይውላል።

ማኔጅድ የሚባለው የስዊች ዓይነት ግን ስለ ራሱ ይናገራል። ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣው ኤስ ኤን ኤም ፒ በተባለው ደንብ ነው፤ ተቆጣጣሪው ኮምፒዩተር በ161 ቁጥር በር ይጠይቀዋል፤ መሥመር ሲወድቅም ስዊቹ ሳይጠየቅ በ162 ቁጥር በር ያስታውቃል። ከደንቡ እትሞች ምስጢርን መሰወር የሚችለው 3ኛው ስለ ሆነ እርሱን መምረጥ ይገባል። ከፋብሪካው የመጣው «ፐብሊክ» የሚል የይለፍ ቃል ያልተለወጠበት ስዊች፤ ቁልፉ በበሩ ላይ እንደ ተንጠለጠለ ሱቅ ነው። ለተቆጣጣሪው ኮምፒዩተር ዛቢክስ የተባለው ፕሮግራም ያለ ክፍያ ይገኛል።

ማስጠንቀቂያን በሁሉም በር ላይ መትከል ስሕተት ነው፤ ጸሐፊው ማታ ኮምፒዩተሩን ባጠፋ ቁጥር የሚጮኽ ደወል በሳምንቱ ሰሚ ያጣል። ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው፤ ወደ መጋዘን የሚሄደውና የሒሳቡ ሰርቨር ያለበት በር ይበቃሉ። እነዚህም ለሦስት ተከታታይ ጥያቄ መልስ ሲታጣ ብቻ ቢጮኹ ይሻላል።

ከሁሉ የሚከብደው የመልእክቱ መንገድ ነው። በኢሜል የሚላክ ማስጠንቀቂያ ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ አብሮ ይቀራል፤ ስለዚህ ሲም ካርድ ባለው ሞደም አጭር የስልክ መልእክት እንዲላክ ማድረግ ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋም ስዊቹ፤ ሞደሙና ተቆጣጣሪው ኮምፒዩተር በዩፒኤስ ላይ ካልዋሉ ሦስቱም ዝም ይላሉ። ተከላው እንዳለቀ የመጋዘኑን ገመድ ነቅሎ፤ መልእክቱ ከነጋዴው ስልክ እስኪደርስ ስንት ደቂቃ እንደ ፈጀ በሰዓት መቁጠር ይገባል።